«አየሁ፤ ማንም አልነበረም»፦ ስለ ከባድ መኪና ቀኝ ጎን የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ሜዳ ናትና ለሳይክል ትመቻለች። በዚያው አስፋልት ላይ ደግሞ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ በኩል ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣው ተሳቢ፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካ የሚወጣው ገልባጭ፣ ጫት ይዞ የሚከንፈው አይሱዙ ያልፋል። በዚህ ሰሞን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ቁራሽ መሬት ናቸው፤ ሾፌሮች ብላይንድ ስፖት ስለሚሉት፣ ከመኪናው አጠገብ ሆኖ ከሾፌሩ ዓይን ስለሚሰወረው ቦታ። መልሶቹን ያዘጋጁት በከባድ መኪና ጥገናና በመንገድ ደህንነት ላይ የሚሠሩ አምደኞቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ገልባጭ መኪና ስነዳ 11 ዓመቴ ነው። በቅርቡ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስሄድ ወደ ቀኝ ልታጠፍ ፍሬቻ አሳየሁ፣ ስፖኪዮ አየሁ፤ ማንም አልነበረም። መሪውን ስጠመዝዝ ረዳቴ ጮኸ። ለካ አንድ ልጅ በሳይክል በሩ ሥር ደርሷል። ፈጣሪ አተረፈን። ስፖኪዮዬ ደህና ነው፤ ታዲያ ልጁ የት ነበር?
(ሾፌር፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ ስፖኪዮ ሲያዩ ልጁ ከመኪናው ኋላ ነበር፤ መሪ ሲጠመዝዙ በሩ ሥር ነበር። ሁለቱም ቦታዎች ከዓይንዎ የተሰወሩ ናቸው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስላው። ተረጋግቶ የሚነዳ ሳይክለኛ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሰከንድ 4 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። መኪናዎ ጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሜትር ቢሆን፣ ከኋላ ተነስቶ ጋቢናው ጋ ለመድረስ 2 ሰከንድ ይበቃዋል። እርስዎ ስፖኪዮ አይተው፣ በግራ የሚመጣ መኪና እንዳለ ዞር ብለው አረጋግጠው፣ ማርሽ አስገብተው መሪ እስኪጠመዝዙ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያልፋል። «ማንም አልነበረም» ያሉት እውነትዎን ነው፤ ያዩት ግን ከ3 ሰከንድ በፊት የነበረውን መንገድ ነው።

ቀጥሎ ከፍታው አለ። ከመሬት እስከ ሾፌሩ ዓይን 2.5 ሜትር፣ ከመሬት እስከ ቀኝ መስኮት የታች ጠርዝ 1.9 ሜትር፣ ከዓይን እስከ ቀኝ በር ደግሞ 1.9 ሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። የዓይንዎ መስመር የመስኮቱን ጠርዝ ተሻግሮ መሬት የሚነካው ከበሩ 6 ሜትር ርቆ ነው። ሳይክል ላይ ተቀምጦ አናቱ 1.5 ሜትር የሚደርስ ሰው፣ ከበሩ 1 ሜትር ከሩብ ካልራቀ አናቱ እንኳ አይታይዎትም። ቁመቱ 1.1 ሜትር የሆነ ሕፃን ደግሞ 2 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት። የረዳቱ ክንድ መስኮቱ ላይ ካረፈ ወይም መጋረጃ ከተንጠለጠለ ርቀቱ ይብሳል። ረጅሙ ዋና ስፖኪዮ ይህን ቦታ አያሳይም፤ የተሠራው ራቅ ያለውን የኋላ መንገድ እንዲያሳይ ነው።

ሦስተኛው የኋላ ጎማው ነው፤ የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 4.6 ሜትር ያለው መኪና፣ ፊቱ በ9 ሜትር ራዲየስ ቢዞር ኋላው 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ይገባል። ተሳቢ ሲሆን ይህ በብዙ ይጨምራል፤ የሳቢው የጎማ ርቀት 3.5 ሜትር፣ ከማያያዣው ፒን እስከ ተጎታቹ ጎማ 8 ሜትር፣ መዞሪያው 12 ሜትር ከሆነ ቆረጣው ወደ 3 ሜትር ከ75 ይደርሳል። ሳይክለኛው ሲገባ ሰፊ የነበረው ክፍተት መኪናው ሲታጠፍ እላዩ ላይ ይዘጋል።

ስለዚህ ቀኝ ስፖኪዮን ሦስት ጊዜ ይዩ፦ ፍሬቻ ሲያሳዩ፣ ፍሬን ሲለቁ፣ መሪው መዞር ሲጀምር። ሦስተኛው እይታ ነው ብዙ ጊዜ የሚቀረው። የመታጠፊያውን የመጀመሪያ 5 ሜትር በእግረኛ እርምጃ ፍጥነት ይሂዱት፤ ረዳቱ ቢጮህ መቆም የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ቀድሞ ወደ ግራ ከፈት ብሎ የመታጠፍ ልማድ ነው። በቀኝ የሚተውትን ባዶ ቦታ ሳይክልና ባጃጅ «ግባ» ተብሎ እንደተከፈተ በር ነው የሚያዩት። ቦታው ከፈቀደ መስመርዎን ይዘው ወደፊት ዘልቀው ይታጠፉ። መክፈት ግድ ከሆነ ግን ረዳቱ ወርዶ ቀኙን ይያዝልዎት።

ጥያቄ፦ ሦስት ሲኖትራክና ሁለት አይሱዙ አሉኝ። ለሁሉም ተጨማሪ ስፖኪዮ ልግጠም ብያለሁ። ስንት ይበቃል? የትስ ይቀመጥ?
(የመኪና ባለንብረት፣ ከመልካ ጀብዱ)

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት ያሉትን ይፈትኗቸው። ብዙ ጊዜ የጠፋው መስታወቱ ሳይሆን አቅጣጫው ነው።

በቀኝ በኩል የሚያስፈልጉት አራት ናቸው፦ ረጅሙ ዋና ስፖኪዮ፣ ከእሱ ጋር የሚሆነው ጉብ ያለው ሰፊ እይታ ያለው፣ ከበሩ በላይ ወደ መሬት የሚያየው፣ እና በፊት መስታወቱ የላይኛው ቀኝ ጥግ ሆኖ ከአፍንጫው ሥር ያለውን የሚያሳየው። እነዚህ ምን ያህል መሬት ማሳየት እንዳለባቸው በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 46 ተለክቶ ተቀምጧል። ልኩን ግቢዎ ውስጥ በኖራ፣ በሜትርና በጥቂት ጀሪካን መፈተን ይቻላል።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቁም። ሾፌሩ መጀመሪያ ወንበሩን እንደ ዘወትሩ ያስተካክል፤ ስፖኪዮ ተስተካክሎ ወንበር ከተነካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ከሾፌሩ ዓይን ትይዩ መሬት ላይ በኖራ አግድም መስመር ይሰመር፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚለካው ሁሉ ከዚህ መስመር፣ ወደ ጎን የሚለካው ደግሞ ከመኪናው ቀኝ ጎን ነው።

ለዋናው ስፖኪዮ አንድ ጀሪካን ከመስመሩ 4 ሜትር ወደ ኋላና 1 ሜትር ወደ ጎን፣ ሌላ ደግሞ 30 ሜትር ወደ ኋላና 5 ሜትር ወደ ጎን ይቀመጥ። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ መታየት አለባቸው። ለሰፊው ስፖኪዮ 1.5 ሜትር ወደ ኋላና 4.5 ሜትር ወደ ጎን፣ ከዚያም 10 ሜትር ወደ ኋላና 15 ሜትር ወደ ጎን። ከበሩ በላይ ላለው ከመስመሩ 1 ሜትር ወደ ፊትና 1.75 ሜትር ወደ ኋላ የሚደርስ፣ 2 ሜትር ወደ ጎን የሚሰፋ ሳጥን በኖራ ይሳሉና በአራቱም ማዕዘን ጀሪካን ያኑሩ። ለፊተኛው ደግሞ ከፊት መከላከያው 2 ሜትር ወደ ፊት ያለው ስፋት በሙሉ፣ በቀኝም 2 ሜትር ድረስ ሲዞር መታየት አለበት። ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ የማያየው ጀሪካን ካለ ረዳቱ ውጭ ቆሞ መስታወቱን እያዞረ ያስተካክል። ሁሉንም ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይሞላም።

የትኛውም ማስተካከያ የማያሳየው ጀሪካን ከቀረ ያን ጊዜ ይግዙ። ከበሩ በላይና ከፊት የሚገጠሙት ከመሬት ከ2 ሜትር ዝቅ ማለት የለባቸውም፤ ዝቅ ካሉ የእግረኛ ጭንቅላት ይመታሉ። ትንንሽ ክብ ተለጣፊዎችን ለከባድ መኪና አንመክርም፤ ምስሉ በጣም አንሶ ሳይክለኛው የዝንብ ያህል ይሆናል።

በምርመራ በተደጋጋሚ የሚገኙ ጉድለቶች እነዚህ ናቸው። ከበሩ በላይ ያለው ስፖኪዮ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የጫኝ እጅ ነክቶት ሰማይ እያየ ይከርማል፤ ሾፌሩ ከወንበሩ ስለማይደርስበት ማንም አይመልሰውም። የተሰበረ ጉብ መስታወት መስታወት ቤት በተቆረጠ ጠፍጣፋ ይተካል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ስፖኪዮው ቦታው ላይ ያለ ይመስላል፣ የሚያሳየው መሬት ግን እጅግ ጠቧል። በንዝረት የላላ ቡሎን መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሲጠበቅ ስፕሪንግ ሮንዴላ ይደረግበት። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ መስታወቱን ይቧጭረዋል፤ አስቀድሞ ውኃ ይፈስስበት። የፊት መስታወቱ ሥር የሚደረደር የጫት ዙርባ፣ የውኃ ፕላስቲክና ሌላ ኮተት ደግሞ ከመኪናው ፊት የሚሻገር ሕፃንን ይሸፍናል። እሱን ለማንሳት ብር አይጠየቅም።

ጉብ ያለ መስታወት ነገሩን ከእውነተኛ ርቀቱ አርቆ እንደሚያሳይ ለሾፌሮችዎ ይንገሯቸው። በሰፊው ስፖኪዮ «ገና ሩቅ ነው» የተባለ ሳይክል አጠገብ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የብየዳ ቤት አለኝ። ሁለት ደንበኞች ከፊትና ከኋላ ጎማ መሃል የጎን መከላከያ ብረት ሥራልን ብለውኛል። ልኩ ስንት ነው? ምን ዓይነት ብረት ልጠቀም?
(በያጅ፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በማግኘታችን ደስ ብሎናል። ስፖኪዮ የሚጠቅመው ሾፌሩ ካየበት ብቻ ነው። የጎን መከላከያ ግን ሾፌሩ ባያይም የወደቀ ሳይክለኛ ከኋላ ጎማ ሥር እንዳይገባ ይገፋዋል። ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ያለው ባለንብረት ቢጠይቀን፣ ስፖኪዮዎቹን በነጻ አስተካክሎ ገንዘቡን እዚህ ላይ እንዲያውለው ነው የምንመክረው።

ልኩ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 73 የተቀመጠው ነው፤ መኪናው ባዶውን፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ይለካል። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ55 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። በአግድም ብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ30 አይበልጥ። ከላይኛው ብረት እስከ ጭነት ሳጥኑ ወለል ከ35 አይበልጥ። የፊት ጫፉ ከፊት ጎማው ጀርባ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይጀምር፤ የኋላ ጫፉም የኋላው ጎማ 30 ሲቀረው ወይም ከዚያ ቀርቦ ይለቅ። ወደ ውስጥ ገባ ቢል ከመኪናው የጎን ጠርዝ ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ አይግባ፤ ወደ ውጭ ደግሞ ፈጽሞ አይውጣ።

በምሳሌ እንየው። በጎማዎቹ መካከል 3.6 ሜትር ክፍት ቦታ ካለ መከላከያው ቢያንስ 3 ሜትር መሆን አለበት። 100 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ይውሰዱ። የሳጥኑ ወለል ከመሬት 1.2 ሜትር ከሆነ አንዱን ብረት ከ50 እስከ 60፣ ሁለተኛውን ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያድርጉት፤ ሁሉም ክፍተት በልኩ ውስጥ ይገባል። በእያንዳንዱ ጎን ባለ 3 ሜትር ሁለት ብረት፣ ለሁለቱም ጎን በድምሩ 12 ሜትር ነው፤ ባለ 6 ሜትሩ ሁለት ዘንግ ይበቃል ማለት ነው። ክብደቱ ከመያዣዎቹ ውጭ 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በየጎኑ ሦስት ቋሚ መያዣ ያድርጉ፤ አንዱ ወደ ኋላ ጫፍ ይጠጋ፤ ግፊቱ የሚበረታው እዚያ ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚሻው ነገር። ሻንሲው (መኪናውን የተሸከመው ዋና ብረት) ላይ አይበይዱ፤ የሻንሲውን የላይና የታች ክንፍም አይብሱ። የሻንሲ ብረት በብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን ያጣል፤ ስንጥቁ የሚጀምረውም ከዚያች ጠባሳ ነው። መያዣዎቹን በሻንሲው ቋሚ ጎን ላይ ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች በቡሎንና በማይላላ ዳዶ ይሰሩ። የሚበየደው ብረት ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ይበየድና ይምጣ። መኪናው ላይ ሆኖ መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ይነቀሉ፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሞተር ከሆነ የኮምፒውተሩ ሶኬትም ይነቀል።

የብረቶቹ ጫፍ ክፍት አይቅር፤ በላሜራ ይደፈንና ጠርዙ ይከርከም። ክፍት ቱቦላሬ ራሱ ሰው ይወጋል። ሰልባትዮው (የነዳጅ ጋኑ)፣ የአየር ጋኑ ወይም ስኮርታ (ተጠባባቂ) ጎማው ያለበት ቦታ እንደ መከላከያው አካል ሊቆጠር ይችላል፤ ግን ልኩን ማሟላትና ክፍተት አለመተው አለበት። ደንበኛው «ድንጋይ ካባ ስገባ ይጋጫል» ብሎ ከፍ እንዲያደርጉለት ይጠይቅዎታል። ከፍ አያድርጉለት፤ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ የተንጠለጠለ ብረት የወደቀ ሰው ከሥሩ ያልፋል። ይልቅ በማጠፊያ ወደ ላይ እንዲነሳና በፒን እንዲቆለፍ አድርገው ይሥሩለት፤ ለጥገናም ይመቻል። ፒኑ በሰንሰለት ይታሰር፤ አለበለዚያ በሳምንቱ ይጠፋል።

ሥራው ሲያልቅ ይፈትኑት። በሚዛን 100 ኪሎ ግፊት ወደ ውስጥ ሲሰጠው በኋላው የመጨረሻ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ከ3፣ በሌላው ቦታ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ መጉበጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ በየቀኑ በሳይክል ነው የምመላለሰው። አቦ፣ አደባባይ ላይ መኪናው ሲቆም በቀኙ ሾልኬ ፊት ብቆም አይሻልም? ኋላው ስሆን ጭሱ ያፍነኛል።
(ተማሪ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሻልም፤ በቀኝ በኩል አትለፍ። ለመታጠፍ የሚጠብቅ ከባድ መኪና በቀኙ ያለው ክፍተት ከመንገዱ ሁሉ አደገኛው ቦታ ነው፤ ምክንያቱ ለሳቢያኑ ሾፌር ከሰጠነው መልስ ላይ አለ። ፍሬቻው አለመብራቱ ማስተማመኛ አይሁንህ፤ አቧራ የሸፈነው ወይም የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ወደ ግራ ሲያዘነብልም «ወደ ግራ ሊሄድ ነው» አትበል፤ ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ቀድሞ ወደ ግራ ይከፍታል። ከፍሬቻው ይልቅ የፊት ጎማውን እይ።

ከኋላው ቢያንስ 4 ሜትር ርቀህ፣ ከመስመርህ ሳትወጣ ወደ ግራው ጠጋ ብለህ በግራ ስፖኪዮው የሾፌሩ ፊት እንዲታይህ ሁነህ ቁም። ፊቱ ካልታየህ አንተም አትታየውም። ፊቱ ታየህ ማለት ግን አይቶሃል ማለት አይደለም፤ ዓይኑ ወደ አንተ እስኪዞር ጠብቅ። ጭሱም በዚያ ርቀት ይቀንስልሃል።

አንተ ቀድመህ ቆመህ መኪናው መጥቶ አጠገብህ ቢቆምስ? ከተቻለ ከፊት መከላከያው 3 ሜትር ያህል ቀድመህ፣ ሾፌሩ በቀጥታ በሚያይህ ቦታ ቁም። ካልተቻለ ውረድና ሳይክሉን ወደ እግረኛው መንገድ አንሳው። መታጠፍ ጀምሮ ከያዘህ ሳይክሉን ለማዳን አትታገል፤ ጥለኸው ወደ ቀኝ ጠርዝ ዝለል።

የከዚራ ዛፎች ጥላም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ዛፎቹ ሥር ሲገባ የሾፌሩ ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ይጨልማል፤ ስፖኪዮው ውስጥ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሳይክለኛ ከጥላው ጋር ይቀላቀላል። ነጭ ወይም ቢጫ ልብስ ልበስ፤ ማታ ደግሞ ከኋላ ቀይ መብራትና አንጸባራቂ አይጥፋ።

ጥያቄ፦ ካሜራና ሴንሰር ማስገጠም ዋጋ አለው?
(የትራንስፖርት ሥራ ኃላፊ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አለው፤ ግን ከስፖኪዮና ከጎን መከላከያ ቀጥሎ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚመዘገቡ ከባድ መኪኖች በጎናቸው ያለ ሳይክለኛን ለይተው ሾፌሩን እንዲያስጠነቅቁ ይገደዳሉ። ለንደን ደግሞ ከ12 ቶን በላይ የሆኑ መኪኖችን ሾፌሩ በቀጥታ በዓይኑ በሚያየው መጠን ከ0 እስከ 5 ኮከብ ሰጥታ፣ ኮከባቸው ከ3 በታች የሆኑት ተጨማሪ መሣሪያ ካልገጠሙ እንዳይገቡ ትከለክላለች።

እዚህ ሲገጠም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪኩ ነው። ከባድ መኪና 24 ቮልት ነው፤ ከ9 እስከ 32 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ሞኒተር ይግዙ። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብ ባትሪዎቹን አዛብቶ ሁለቱንም ይገድላል። መስመሩ በቁልፍ ከሚበራው ላይ ይነሳ፤ ከመነሻው አጠገብ የ3 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። ጋቢናው ወደ ፊት ስለሚገለበጥ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ገመድ ትርፍ ይተውለት፤ ተወጥሮ የታሰረ ገመድ መጀመሪያ ጋቢናው የተነሳ ዕለት ይበጠሳል። አጥሩንም፣ ግንቡንም፣ ሰውንም በአንድ ድምፅ የሚያስጮህ ርካሽ ሴንሰር አይግዙ፤ ሾፌሩ በሦስተኛው ቀን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ በእኩለ ቀን ሙቀት የቀን ሠራተኞች የቆመ ተሳቢ ሥር ይተኛሉ። ይህን እንዴት እንከላከል?
(የመጋዘን ተቆጣጣሪ፣ ከመልካ ጀብዱ)

መልስ፦ ተሳቢ ሥር ያለውን ሰው የትኛውም ስፖኪዮ አያሳይም። ስለዚህ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ረዳቱ መኪናውን አንድ ጊዜ ይዙር፤ በእያንዳንዱ የጎማ ረድፍ ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ ዞሮ ሲጨርስ በሾፌሩ በኩል ቆሞ በእጁ ምልክት ይስጥ። ሾፌሩ ቁልፍ ከማዞሩ በፊት ምልክቱን በዓይኑ ይቀበል እንጂ በድምፅ ብቻ አይመን፤ «ሂድ» የሚለው ለሌላ መኪና የተባለ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አንድ ጊዜ ክላክስ ይነፋ፣ 10 ሰከንድ ይጠበቅ፣ ከዚያ ይንቀሳቀስ። የተኛ ሰው ነቅቶ እስኪወጣ ጊዜ ያስፈልገዋል። ወደ ኋላ ሲሄድም ረዳቱ ከስፖኪዮው ውስጥ ከጠፋ መኪናው ወዲያው ይቁም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ግቢው ውስጥ ከመኪና መቆሚያው ራቅ ብሎ በአራት ቋሚና በሸራ ዳስ ይጣል፣ ውኃም ይቀመጥበት። ሰዎቹ ተሳቢው ሥር የሚገቡት ሌላ ጥላ ስላጡ ነው።